የጥበብ ቤተ መጻሕፍት የማን ነው? ከፓሪስ እስከ ሐይቅ

(ደሴ ላይ ለሸማኔዎች፣ ለልብስ ሰፊዎች፣ ለሠዓሊዎች፣ ለፎቶ ባለሙያዎች፣ ለመምህራንና ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ የመጣችሁም፣ እዚሁ ከሰኞ ገበያና ከሆጤ በእግራችሁ የደረሳችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። ዓ.ም. ካላልኩ ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በእኛ አቆጣጠር ስጠራ ዓ.ም. እላለሁ።

የሥነ ጥበብ ቤተ መጻሕፍት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው አንድ ነገር ነው። ጸጥ ያለ አዳራሽ፣ ወፍራም መጽሐፍ፣ ከመጽሐፉ በላይ የተደፋ ፕሮፌሰር። ሸማኔ አይታየውም። ልብስ ሰፊም አይታየውም። እኔ ዛሬ ይህንን ሥዕል ለመቀየር ነው የመጣሁት። ምክንያቱም እነዚህ ቤቶች ሲጀመሩ የታሰቡት በእጁ ለሚሠራ ሰው ነበር። ምሁሩ ኋላ ነው የመጣው።

ፓሪስ ውስጥ ፎቡር ሴንት አንቷን የሚባል ሰፈር አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአናጢዎች ሰፈር ነበር። ቁምሳጥን የሚሠራው፣ እንጨት የሚፈለፍለው፣ ወንበር የሚያለብሰው ሁሉ እዚያ ተኮልኩሏል። ሳሙኤል ኤሜ ፎርኔ የሚባል ባለሀብት ሲሞት 200 ሺህ ፍራንክ ለፓሪስ ከተማ ተናዘዘ። ከተማው በዚያ ገንዘብ ሐውልት ሊያቆም ይችል ነበር። ያደረገው ግን ሌላ ነው። በ1886 እዚያው አናጢዎቹ ሰፈር ውስጥ ቤተ መጻሕፍት ከፈተላቸው። ማታ ማታም ክፍት ነበር፤ ባለሙያው ቀን ሥራ ላይ ነዋ! የወንበር እግር አቀራረጽ፣ የአበባ ሐረግ፣ የግድግዳ ወረቀት ንድፍ የያዙ ትልልቅ ሥዕሎች ነበሩ። አናጢው መጥቶ ያያል፣ ይቀዳል፣ አንዳንዱንም ተውሶ ወደ ሱቁ ይወስዳል።

ፎርኔ ቤተ መጻሕፍት ዛሬም አለ። ኦቴል ደ ሳንስ በሚባል አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ነው። ፖስተር፣ ፖስት ካርድ፣ የግድግዳ ወረቀት፣ የጨርቅ ናሙና፣ የሱቅ ካታሎግ ሳይቀር ያስቀምጣል። ሌላው ሰው አይቶ የሚጥለውን ወረቀት እሱ ያነሳዋል።

የለንደኑም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ዛሬ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ያለው ብሔራዊ የጥበብ ቤተ መጻሕፍት ሥሩ በ1837 መንግሥት ከከፈተው የንድፍ ትምህርት ቤት ነው። ነገሩ ንግድ ነበር። የእንግሊዝ ፋብሪካ ጨርቅ በብዛት ያመርታል፤ በንድፍ ግን ፈረንሳዮች ይበልጡታል። ስለዚህ ንድፍ የሚያውቅ ሠራተኛ ማሠልጠን አስፈለገ። ለሠልጣኙ ደግሞ የሚያየው መጽሐፍና ናሙና ያስፈልገዋል። ሙዚየሙ በ1857 ሳውዝ ኬንሲንግተን ላይ ሲከፈት የጋዝ መብራት ገባለት፤ ሠራተኛው ሲመሽ መጥቶ እንዲያይ። በርሊንም በ1860ዎቹ መጨረሻ ለእደ ጥበብ ሙዚየሟ ይህንኑ አደረገች። የዛሬው የበርሊን የጥበብ ቤተ መጻሕፍት ከዚያ የተወለደ ነው።

ልብስ ሰፊዎች፣ ይቺን ለእናንተ ብዬ ነው የያዝኳት። ዛሬ በዓለም ካሉት ትልልቅ የሥነ ጥበብ ታሪክ ቤተ መጻሕፍት አንዱ ፓሪስ ነው ያለው። የሚቀመጠውም ላብሩስት በሚባለው አዳራሽ ነው። ቀጫጭን የብረት ምሰሶዎች፣ ከላይ ብርሃን የሚያስገቡ ክብ ጣሪያዎች፤ ገብቶ ቀና ያለ ሰው መጽሐፉን ይረሳል። የዚህን ስብስብ መሠረት የጣለው ማን ይመስላችኋል? ዣክ ዱሴ ነው። የሴት ልብስ ሰፊ! እርግጥ ሀብታም ልብስ ሰፊ ነበር፤ የፓሪስ እመቤቶች በሙሉ እሱ ዘንድ ነው የሚያሰፉት። ግን ሙያው መቀስና መርፌ ነው። መጽሐፍ ገዛ፣ ፎቶ ገዛ፣ ባለሙያ ቀጥሮ ስብስቡን አደራጀ። በ1917 ሙሉውን ለፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ሰጠ። ዛሬ የሥነ ጥበብ ዶክትሬት የሚሠራ ሁሉ እዚያ ይሰለፋል።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ናት። ፋብሪካው አለ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ። ደሴ ከላይ ሸማኔው፣ ሰፊው፣ ጥልፍ ጠላፊው አለ። ወደ ባቲ ብትወርዱ ገበያው በሰፌድና በመሶብ ተሞልቷል። ይህ ሁሉ ንድፍ ነው። ይህንን ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ማየት የምትችሉት ግን የት ነው? እኔ የማውቀው ቦታ የለም።

የጨርቅ ናሙና መዝገብ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በአልሳስ፣ ሙሉዝ የምትባል የጨርቅ ማተሚያ ከተማ አለች። የፋብሪካ ባለቤቶቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ናሙና ማጠራቀም ጀመሩ፤ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ናሙና መዝገብ ወፍራም ነው። ጨርቅ ስለተለጠፈበት አይዘጋም፤ አፉን ከፍቶ ይቀራል። ገጹ ላይ የጣት ርዝመት ያላቸው ቁራጮች በረድፍ ተለጥፈዋል። ያው አበባ አንዴ በቀይ፣ አንዴ በሰማያዊ፣ አንዴ በቡኒ። ከእያንዳንዱ ሥር ቁጥር አለ። አንዳንዱ ጋ የቀለሙ አሠራር ተጽፏል። ጠርዙ ላይ ክሩ ተተርትሯል። ብርሃን ስላላገኘው ግን ቀለሙ ትናንት የተነከረ ይመስላል። ዲዛይነሮች ዛሬም መጥተው ያንን ያገላብጣሉ። ከመቶ ዓመት በፊት የሞተ ሠራተኛ ያወጣውን ሐረግ ወስደው አዲስ ልብስ ያደርጉታል። ከዚህ የተሻለ የቤተ መጻሕፍት ጥቅም ካለ ንገሩኝ።

አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ እዚህ መካከላችን አለ። አሮጌ የናሙና ካርዶች መጋዘን ሲጸዳ እንደሚጣሉ አጫውቶኛል። የየት ፋብሪካ እንደሆነ አልናገርም፤ የትም የሚሆን ነገር ነው። አንጀቴን ግን በልቶታል።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ። መጽሐፍን ማን ይንካው? አገሮች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ በሰንሰለት ነበር የሚያስረው። እንግሊዝ ውስጥ ሄርፎርድ በሚባል ካቴድራል ዛሬም መጽሐፎቹ በብረት ሰንሰለት ከመደርደሪያው እንደታሰሩ ናቸው። ወደ ጠረጴዛው ይደርሳል፣ ከበሩ ግን አይወጣም። የእኛ አባቶች ሰንሰለት አልነበራቸውም። እነሱ የጻፉት ውግዘት ነው። የብራና መጽሐፍ ገልጣችሁ ካያችሁ መጨረሻው ላይ ታገኙታላችሁ፤ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን»። የሰረቀም፣ የፋቀም የተወገዘ ይሁን ነው። ፋቀ የሚለውን ልብ በሉልኝ። የባለቤቱን ስም ፍቆ የራሱን የሚጽፍ ሌባ ነበር ማለት ነው። ሸሆቻችን ደግሞ ኪታቡን ወቅፍ ያደርጉታል። ለአላህ ብሎ የተሰጠ ነው፣ አይሸጥም፣ አይወረስም፣ ደረሳው፣ ማለትም ተማሪው፣ ይማርበት። ብረት፣ ውግዘት፣ ወቅፍ። የሁሉም ፍላጎት አንድ ነው፤ መጽሐፉ ሳይጠፋ ይነበብ። የኛዎቹ ሁለቱ ያሰሩት ግን መጽሐፉን ሳይሆን የሰውን ኅሊና ነው። ይህንን በኩራት ነው የምናገረው።

ከዚህ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገዳሙን የትምህርት ማዕከል አድርገውታል። በ1280 ወይም በ1281 ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል አለ። በኢትዮጵያ ዘመናቸው ከታወቀ ጥንታዊ ባለሥዕል መጻሕፍት አንዱ ነው። የራሳቸው የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ሥዕል በውስጡ አለ። የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝርም እዚያው ወንጌል ውስጥ ተጽፏል። ካታሎግ ማለት ይኸው ነው! ለንደን ገና የንድፍ ትምህርት ቤት ሳታስብ፣ ፎርኔ ሳይወለድ፣ ሐይቅ ዳር የተቀመጠ መነኩሴ ያለውን መጽሐፍ ቆጥሮ መዝግቧል። በሌላ በኩል የወሎን የእስልምና መማሪያ ስፍራዎች፣ ዳናን፣ ጌታን፣ ጀማ ንጉሥን አስቡ። ደረሳው ከየአገሩ ስንቁን ቋጥሮ መጥቶ ሐሪማ በሚባለው ቅጥር ውስጥ ተቀምጦ ይማራል። ኪታቡን ይገለብጣል። መንዙማው በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ ይጻፋል። ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ የወሎን እስልምና ታሪክ ሲጽፉ ከእነዚህ የመማሪያ ስፍራዎች የተገኘ ጽሑፍና ቃል ትልቅ ድርሻ ነበረው። ወሎ ሁለት የቤተ መጻሕፍት ባህል ያላት አገር ናት። ሦስተኛውን ስንጀምር ከዜሮ አይደለም የምንነሳው።

ወደ ዘመናዊው ስንመጣ ሁለት ዋና ልማድ አለ። አንዱ የተዘጋ መደርደሪያ ነው። ለንደን የጥበብ ቤተ መጻሕፍት ብትሄዱ መግቢያው ነፃ ነው። ግን ቦርሳችሁን ከውጭ ሳጥን ውስጥ ትቆልፋላችሁ። ብዕር አይገባም፤ እርሳስ ብቻ። የፈለጋችሁትን አስቀድማችሁ ታዛላችሁ፤ ሠራተኛው ከመጋዘን ያመጣላችኋል። አሮጌ መጽሐፍ ከሆነ ጀርባው እንዳይሰበር ስፖንጅ ላይ ይጋደማል። ገጹ እንዳይገለበጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ክብደት ይደረግበታል። ወደ ቤት መውሰድ የለም።

ሌላው ክፍት መደርደሪያ ነው። አሜሪካኖች ይህንን በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ባህላቸው አስፋፉት። አንድሩ ካርኔጊ በሰጠው ገንዘብ ብቻ በዓለም ከ2,500 በላይ ቤተ መጻሕፍት ተሠርቷል። አንባቢው ራሱ መደርደሪያው ጋ ሄዶ ይመርጣል። ፊንላንዶች ደግሞ አልፈው ሄደዋል። ሄልሲንኪ ውስጥ በ2018 የተከፈተው ኦዲ የሚባለው ቤተ መጻሕፍት የልብስ ስፌት መኪና አለው። ገብተህ ሱሪህን ታሳጥራለህ! ጀርመንና ሆላንድ ሥዕል የሚያውሱ ቤቶች አሏቸው። የሠዓሊውን ሥራ ለጥቂት ወራት ሳሎንህ ሰቅለህ ትመልሳለህ።

እኛ ዘንድ ያለው ምን ይመስላል? ተማሪው መታወቂያውን ለባንኮኒው ይሰጣል፣ ቴክስት ቡክ ይቀበላል። ብዙ ጊዜ ግን መጽሐፍም አይወስድም። ሀንድአውቱን ከቤት ይዞ ይመጣል። የሚፈልገው ወንበር፣ መብራትና ጸጥታ ነው። ይህንን የሚንቁ ባለሙያዎች አሉ። እኔ አልንቀውም። ቤቱ ጠባብ ለሆነ ልጅ ወንበርና መብራት ትልቅ ነገር ነው። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ሥዕል፣ ንድፍ፣ ፎቶ የሚባል ነገር ከዚያ ቤት ጨርሶ አለመኖሩ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ፊዚክስ ሊያጠና ይገባል። ሸማኔው በዚያ በር የሚገባበት ምክንያት የለውም።

ስለ አደራደርም ጥቂት ልበል፤ እኔ የምወደው ክፍል ነው። ደሴም ሆነ ናይሮቢ ብዙ ቤተ መጻሕፍት በዲዊ ቁጥር፣ ለየርዕሱ ቁጥር በሚሰጥ አሠራር፣ ነው የሚደረድሩት። ከ1876 ጀምሮ ያለ ነው። ጥበብ 700 ነው። ጨርቅ 746፣ ፎቶግራፍ 770፣ ሙዚቃ 780። ጥሩ ነው፣ ይሠራል። ግን አንድ ሰው ይህ አልዋጥ አለው። አቢ ዋርበርግ ይባላል፣ የሃምቡርግ ሰው ነው። የባንክ ቤት የበኩር ልጅ ነበር። በ13 ዓመቱ ብኩርናውን ለታናሽ ወንድሙ ለማክስ ለቀቀለት ይባላል፤ በምትኩ ማክስ ዕድሜ ልኩን የፈለገውን መጽሐፍ ሁሉ ሊገዛለት። ማክስ ቃሉን ጠበቀ። ወጪው ምን ያህል እንደሚሆን ያን ጊዜ አላወቀም።

ዋርበርግ መጽሐፎቹን ያስቀመጠው በጉርብትና ነው። የምትፈልገው መጽሐፍ ጎን የሚቆመው የማታውቀው፣ ግን የሚያስፈልግህ መጽሐፍ መሆን አለበት ይል ነበር። ስለ ሥዕል የተጻፈው ከኮከብ ቆጠራው ጎን፣ ከበዓል ሥርዓቱ ጎን፣ ከጸሎቱ ጎን ይቆማል። አሁን የወሎን ነገር አስቡት። መንዙማ በዲዊ የት ይገባል? ሙዚቃ ካላችሁት 780፣ እስልምና ካላችሁት 297፣ ግጥም ካላችሁት ሌላ ቦታ። አንድ ነገር ሦስት ቦታ ይበተናል። የአምባሰልና የባቲ ቅኝት አንድ መደርደሪያ ላይ፣ የባቲ መሶብ ሌላ ክፍል ውስጥ። እዚህ ግን ድቤው፣ መንዙማው፣ ዱአው፣ የቡናው ረከቦት አንድ ቤት ውስጥ ናቸው። በዋርበርግ መንገድ ቢደረደር ሁሉም ይገናኛል። እኔ ለዚህ ከተማ የምመርጠው የእሱን ነው።

የዋርበርግ ቤት ሌላም ያስተምራል። እሱ በ1929 ሞተ። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ የአይሁዳዊ ቤተሰብ ንብረት ነውና አደጋ ላይ ወደቀ። ባልደረቦቹ 60 ሺህ ያህል መጽሐፍ በሁለት መርከብ ጭነው ወደ ለንደን አሻገሩት። ዛሬ የለንደን ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። ሃምቡርግ አጣችው።

ስለማጣት እኛ ወሎዎች ማንም አያስተምረንም። ዓፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው መጻሕፍት አከማችተው ነበር። በ1868 እንግሊዞች ሲገቡ ዘረፉት። ምርኮው በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጫነ። ከመጻሕፍቱ 350 ያህሉ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። ወርቁ ዘውድና ጽዋው ደግሞ ያ የጥበብ ቤተ መጻሕፍት ባለበት በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው። ያንን በነፃ የሚከፈት አዳራሽ ሳመሰግን ይህንን ረስቼ አይደለም። በሩ ለሁሉም ክፍት ነው ይባላል፤ መቅደላ አጠገብ ካለችው ከተንታ ተነስቶ ለንደን ለመድረስ ግን ቪዛ ያስፈልጋል። ከብራናዎቹ የተወሰኑት በኢንተርኔት ይታያሉ። ጥሩ ነው። መመለስን ግን አይተካም። ይህ የእኔ አቋም ነው።

በቅርቡም አይተናል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። በዚህ አዳራሽ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ አልዘረዝርም። የማነሳው አንድ ነገር ነው። የጠፋ ዕቃ ገበያ ላይ ቢገኝ «የእኛ ነው» የምትለው በምንድን ነው? በፎቶውና በጽሑፉ ነው። ቁመቱ ይህን ያህል፣ ጠርዙ ላይ ስንጥቅ ያለው፣ በዚህ ቀን የተነሳ ፎቶው ይኸው። ኒውዮርክ ውስጥ ሔለን ፍሪክ በ1920 የመሠረተችው የጥበብ ቤተ መጻሕፍት አለ። ዋና ሀብቱ የሥዕል ፎቶ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1943፣ ለስድስት ወር ለአንባቢ ተዘጋ። ምሁራን ገብተው የአውሮፓን ቅርሶች አንድ በአንድ በካርታ ላይ ምልክት አደረጉ፤ የቦምብ አብራሪዎች እንዲጠነቀቁ። ጸጥ ያለ የንባብ ክፍል ጦርነት ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቷል። ፎቶውና መዝገቡ ቀድሞ ስለነበረ ነው። ጦርነት ከመጣ በኋላ ካታሎግ አይጀመርም።

ሀብት የለንም እንዳትሉኝ። ከሀብታም አገር ያልሆኑትንም ላንሳ። ሌጎስ ውስጥ ቢሲ ሲልቫ የምትባል ባለሙያ በ2007 የዘመናዊ ጥበብ ማዕከል መሠረተች፤ ልቡ ቤተ መጻሕፍቱ ነበር። ዳካር ላይ ኮዮ ኩዎ ተመሳሳይ ሥራ ሠርታለች። ሁለቱም ዛሬ በሕይወት የሉም። መጽሐፎቹ ግን ይነበባሉ። ሆንግ ኮንግ በ2000 የተቋቋመ የእስያ የጥበብ መዝገብ ቤት አለ። የእሱ አሠራር ለእኛ በጣም ይሆናል። የሠዓሊውን ደብዳቤ፣ የኤግዚቢሽን መጥሪያ፣ ፎቶ ይወስዳል፤ በስካነር ያነሳል። ዋናው ብዙ ጊዜ እዚያው ባለቤቱ ዘንድ ይቀራል። ሰው ውርሱን የሚነጠቅ ስለማይመስለው ያምናል።

ይህም ለእኛ አዲስ አይደለም። ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነስተዋል። መጽሐፉ ከየገዳሙ አዲስ አበባ ይመጣ፣ ይነሳ፣ ወደ ገዳሙም ይመለስ ነበር። አንድ ቅጂ አዲስ አበባ፣ አንድ ቅጂ አሜሪካ ሚኔሶታ። 9 ሺህ ገደማ ብራና በዚህ መንገድ ተመዝግቧል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚያ ካታሎግ ነው። የሐይቁ የኢየሱስ ሞዓ ወንጌልም ከተነሱት አንዱ ነው፤ ቁጥሩ 1832።

አንድ ሰው ጨምሬ ልቀጥል። ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ፖላንዳዊ ነበሩ። በ1950 አዲስ አበባ መጥተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የቤተ መጻሕፍት ሰው ሆኑ። መጽሐፍ ብቻ አልሰበሰቡም። መስቀል፣ የእንጨት ሥዕል፣ ገበያ ላይ የሚሸጥ ሥዕል ገዙ። ዛሬ በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ውስጥ የምናየው ብዙው የእሳቸው እጅ ያለበት ነው። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች፣ ከመደርደሪያው ወጥቶ ገበያ መሄድ ሥራችሁ ነው የምለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ደሴና ኮምቦልቻ ምን ይጀምሩ? ሕንፃ አልጠይቅም። አንድ ክፍል፣ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ፣ አንድ ስካነር፣ የሚቆለፍ ቁምሳጥን። መጀመሪያ ፎቶ ቤቶቹ ጋ ነው የምሄደው። አሮጌ ፎቶ ቤት ውስጥ የኔጋቲቭ ካርቶን አለ። ፖስታው ላይ የደንበኛ ስምና ቁጥር ተጽፏል። የሠርግ ልብስ፣ የፀጉር አሠራር፣ ሹሩባ፣ ጥለት፣ ከኋላ የተሰቀለው የጨርቅ ሥዕል፤ የዚህ ከተማ የአለባበስ ታሪክ እዚያ ካርቶን ውስጥ ነው። ባለቤቱ ሲያርፍ ልጆቹ ሱቁን ያከራያሉ፤ ካርቶኑ ይጣላል። ቀጥሎ ናሙናው፤ የፋብሪካ ቁራጭ፣ የሸማኔ ጥለት፣ የሰፌድ ፎቶ። ከዚያ የኪነት ቡድኖችና የቲያትር ፖስተር፣ የሠርግ መጥሪያ፣ የሱቅ ማስታወቂያ።

አያያዙ ከባድ አይደለም። ስኮች አትለጥፉ፤ ቢጫ ይሆንና ወረቀቱን ይበላል። ላስቲክ አትሰሩ፤ ይቀልጥና ይጣበቃል። ፎቶ ላሚኔት አታስደርጉ፤ ከዚያ በኋላ ማዳን አይቻልም። ከጀርባው በለስላሳ እርሳስ፣ ጠርዙ ላይ፣ ማን፣ የት፣ መቼ ብላችሁ ጻፉ። ስም የማይታወቅ ከሆነ ዝም ብላችሁ ስም አትስጡ፤ ባዶውን ተዉት። የደሴ ጉም እርጥበት ያመጣል፣ ስለዚህ ከግድግዳ አርቃችሁ፣ ከወለል ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ባለቤቱ ሳይፈቅድ ደግሞ ቴሌግራም ላይ አይለቀቅም። የሰው እናት ፎቶ ነው።

ሰዓቱም እንደ ፎርኔ ይሁን። ቀን ብቻ የሚከፈት ቤት ለመንግሥት ሠራተኛና ለተማሪ ነው የሚሆነው። ሸማኔውና የፋብሪካ ሠራተኛው የሚመቻቸው ከ11 ሰዓት በኋላና እሑድ ነው።

ከንግግሩ በኋላ ብዙ ጥያቄ ተነስቷል። የሚጠቅመውን አንዱን እዚህ አስገባዋለሁ። አንድ አዛውንት ሸማኔ ተነስተው እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ ያወጣሁትን ጥለት እዚያ ባስቀምጥ ጎረቤቴ አይቶ ሠርቶ በግማሽ ዋጋ ቢሸጥብኝስ? አንተ ተጠያቂ ትሆናለህ?»

አባቴ፣ ጥያቄዎ እውነተኛ ነው። በሁለት ከፍለን እንየው። የአባትና የአያት ጥለት፣ ገበያው ሁሉ የሚሠራው፣ ያ ይግባ። ማን ከማን እንደተማረው፣ የየት አገር እንደሆነ ተጽፎበት ይግባ። ስምዎ ከሥሩ ይቀመጣል። አሁን ራስዎ ያወጡት፣ እንጀራዎ የሆነው አዲስ ጥለት ግን አስቀድሞ ለማንም አይታይ። አገራችን ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ የኢንዱስትሪ ንድፍን የሚጠብቅ አዋጅ አላት፣ ቁጥር 123። አዲስ የሆነ ንድፍ ነው የሚመዘገበው፤ አስቀድሞ በሰፊው ከታየ አዲስነቱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ ያስመዝግቡ። ከዚያ ከፈለጉ ቁራጩን በታሸገ ፖስታ፣ ቀን ተጽፎበት፣ እርስዎ እስከሚፈቅዱ ድረስ እንዳይከፈት ተብሎ ሊቀመጥ ይችላል። ትልልቆቹ ቤቶችም ለደብዳቤና ለማስታወሻ ይህንን ያደርጋሉ። ፖስታውን ማን እንደሚቆልፍበት ግን እኔ ብቻዬን አልወስንም። የሸማኔዎቹ ተወካይ አንዱን ቁልፍ ይያዝ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ሌላውን። ሁለቱ ካልተገናኙ አይከፈት።